ሁለተኛው ዓይን

ማራይከ ትሬንክሌ የበዓሉን ልብስ ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ስትከት፣ ከልጇ የዓሣ ልብስ ጋር የራሷ ግራጫ ሹራብ ተጠቅልሎ ወጣ። ልትጨምረው እጇን ሰደደችና ቆመች። የአንገቱ ስፌት ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ሰማያዊ ነው፤ ዘወር ሲያደርጉት አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ብቻም አልነበረም። በስፌቱ ውስጥ አሥር አሥራ ሁለት የሚሆኑ ቅንጣቶች ተሰግስገዋል።

ሹራቡን ከማሽኑ አራቀችው።

ማራይከ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ልጇ ፊኔ ሁለት ጊዜ ካሳለች የሳንባ ምች ነው፤ ባሏ ዮኸን ሩብ ሰዓት ከዘገየ መኪናው ገደል ገብቷል። "አንቺ እኮ መዓትን ቀጠሮ ሰጥተሽ ነው የምትጠብቂው" ይላታል ዮኸን። የፈራችው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይደርስ፣ መፍራቱን እንደ ጸሎት ይዛዋለች። ባለፈው ሐሙስ ግን አልፈራችም። ልትፈራ በሚገባት በዚያች አንዲት ቀን ደስ ብሏት ነበር የዋለችው።

በትንሿ ከተማ በሲልበርባህ ድሮ ቀይ የጌጥ ድንጋይ ይሞርዱ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ አልማዝ ይሞርዳሉ። አልማዙ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ አይደለም። ምድጃ ውስጥ፣ ከጋዝ፣ ለሳምንታት እየተነባበረ የሚያድግ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ ነው፤ ሲያልቅ እንደ መስታወት ይጠራል። ማራይከ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደወጣች ማሸጊያ ክፍል ተቀጠረች፤ ኋላ ዓይኗ ጥሩ ነው ተብላ አቧራ ወደማይገባበት ነጩ ክፍል ተዛወረች። ሥራዋ ማየት ነው። አልማዙ ከመዳብ ቀለበት ጋር ከተበየደ በኋላ፣ ብረት ቤቱ በሚሉት መያዣ ውስጥ ከመታሸጉ በፊት፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ከዳር እስከ ዳር ታየዋለች።

ፊኔ አንድ ቀን "አልማዙ ምን ያደርጋል?" ብላ ጠይቃት ነበር።

"ሾርባ የምናሞቅባት ማይክሮዌቭ አለች አይደል? የሷን ዓይነት ሞገድ፣ ግን ሺህ እጥፍ፣ በአንዲት ቧንቧ ይልኩታል። ሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ እንደ ፀሐይ የሚነድ እሳት ሊሠሩ ነው። እሳቱን የሚያሞቀው ያ ሞገድ ነው። አልማዙ መስኮቱ ነው። ሞገዱን ያሳልፋል፣ አየሩን ያግዳል።"

"መስታወት ቢሆንስ?"

"ይቀልጣል።"

"አልማዙ ላይ ቆሻሻ ቢኖርስ?"

"ቆሻሻው ይግላል፣ አልማዙ ይሰነጠቃል" አለቻት ማራይከ። "ለዚህ ነው እማማ ሊፕስቲክ የማትቀባው።"

እውነቷን ነበር። ነጩ ክፍል ውስጥ ቅባት የለም፣ ሽቶ የለም፣ እርሳስ እንኳ የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ማራይከ ፊቷን በውሃ ብቻ ታጥባ ነው ሥራ የምትገባው።

ያ ሐሙስ ግን የሴቶቹ ሐሙስ ነበር። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለችው በዚያች ሐሙስ በሲልበርባህ ሥልጣን የሴቶች ነው፤ መቀስ ይዘው ይዞራሉ፣ ክራባት ያሰረ ወንድ ካገኙ ይቆርጡበታል። ከሰዓት በኋላ፣ በሰባት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ፣ የልጆቹ ሰልፍ ይወጣል። የሲልበርባህ ልጆች ከድሮ ጀምሮ የወንዙን ዓሣ ሆነው ነው የሚሰለፉት። ፊኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዲራ ያዥ ሆናለች። ማራይከ ጠዋት ወጥ ቤት አስቀምጣ ሁለቱን ጉንጮቿን በሙጫና በብልጭልጭ የዓሣ ቅርፊት አስጌጠችላት። ልጅቱ መስታወት አይታ ጮኸችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ትመጫለሽ አይደል? ማይልኝ! ባለፈው ዓመት ካለቀ በኋላ ነው የመጣሽው።"

"እመጣለሁ።"

"ማይልኝ አልኩሽ!"

"እማማ ትሙት።"

ሥራ ቦታ ስትደርስ ገና ከጠዋቱ ግርግር ነበር። የማሸጊያ ክፍሏ ጉንዲ የጠንቋይ ጭምብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መቀሷን እያፋጨች ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ኦትማር ኬተረርን ከብባዋለች። ኦትማር አልማዝ ሞራጅ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት ሠርቷል፣ ለፋሲካ ጡረታ ይወጣል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ክራባት ያስራል፤ እሱም ለመቆረጥ ነው።

"ኦትማር፣ ይሄ ደግሞ ከማን ቀብር የተረፈ ነው?" አለች ጉንዲ።

"የሠርጌ ነው። ቁረጪው፤ ሚስቲቱም ጥላኝ ከሄደች ሃያ ዓመቷ ነው።"

"እንኳን ሄደች! በዚህ ቀለም ነው እንዴ ያገባሃት?"

ክራባቱ ከአገጩ ሥር ተቆረጠ፤ ሰው ሁሉ እንደ በዓሉ ወግ "ናሪ! ናሮ!" ብሎ ጮኸ። ማራይከም ጮኸች። ከዚያ ነጭ ካፖርቷን ከሹራቧ በላይ ደርባ፣ ቆቧን አጥልቃ፣ ገባች።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አየችው። ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከመዳቡ ጠርዝ አጠገብ፣ ወደ ውስጥ በሚዞረው ፊት ላይ፣ አንዲት ብልጭታ። ንጹሕ ጋዝ ነፋችባት፤ አልተነሣችም። መብራቱን አዘነበለች፤ ጠፋች። መለሰችው፤ ተመለሰች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከተጠራጠርሽ አውጪ፣ እጠቢ፣ አድርቂ፣ እንደገና እዪ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሰልፉ ሊወጣ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም።

የመዳቡ ነጸብራቅ ነው አለች ለራሷ። መዳብ ያንጸባርቃል። ቅጹ ላይ "ንጹሕ" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ቅጹ ላይ ሁለት ፊርማ ነው ያለው። ሁለተኛው ዓይን ኦትማር ነበር፤ እሱም ተራውን በማይክሮስኮፑ ማየት ነበረበት። በመስታወቱ በር በኩል ጉንዲና ሌሎቹ ሴቶች በተቆረጠው ክራባቱ እየጎተቱት ነበር።

"አየሽው?" አላት ጭንቅላቱን አስግጎ።

"አይቼዋለሁ።"

"አንቺ ካየሽው በቃ። እኔን እነዚህ ጠንቋዮች ሊቀብሩኝ ነው።" እጁን ዘርግቶ ፈረመና ተጎተተ።

ሰልፉ ላይ ደረሰች። ፊኔ ባንዲራውን ይዛ ስታልፍ አየቻት፣ በእጇ ምልክት ሰጠቻት፣ ልጅቱም ሳቀች። አልማዙ በዚያው ቀን ከሰዓት ብረት ቤቱ ውስጥ ተበየደና ታሸገ፤ ዓርብ ወደ ሰሜን ተጫነ። ሙሉ ኃይሉ የሚለቀቅበት ሐሙስ ጠዋት ነው። ነገ።

ከማሽኑ ፊት የቆመችው ማራይከ ሹራቡን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያን ጊዜ ፊኔ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ጋር ወጥ ቤት ገባች።

"እማዬ፣ ያ የኔ ብልጭልጭ ነው? ስጪኝ፣ ለጓደኛዬ ልስጣት።"

"እጅሽን አንሺ!" ብላ ጮኸችባት። "ሁሉም ነገር በዚህ ብልጭልጭሽ ነው የመጣው! ማን ተጠምጠሚብኝ አለሽ?"

ልጅቱ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ከወጥ ቤቱ ወጣች። ማራይከ ጫማዋን ስታስር ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ሰማች። ገብታ አየች። ፊኔ ከስድስት ቀን በፊት የታጠበውን ጉንጯን በሳሙና እየፈተገች ነበር፤ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ማራይከ ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ግን የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ደረሰና ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሮጠች።

ኦትማርን ከመሞረጃው መንኮራኩር ፊት አገኘችው። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ቀን በመሆኑ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበርና ግንባሩ ላይ የአመድ መስቀል አለ።

"አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ ብሎኛል ቄሱ" አላት ሳቅ እያለ። "እኔም ‘አባቴ፣ አመድ ከሆንኩ በጥሩ ምድጃ አብስሉኝ፣ አልማዝ ልወጣ እችላለሁ’ አልኩት። ምነው? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የነጣሽው?"

ፌስታሉን ከፈተችለት። ሹራቡን ከመብራቱ ሥር ያዘው። ብዙ አላየም፤ ወዲያው ገባው።

"የት ላይ ነበር ያየሽው?"

"ከላይ፣ በቀኝ። ጠርዙ ጋ። ነጸብራቅ ነው ብዬ ነው፣ ሄር ኬተረር። ልጄ ባንዲራ ይዛ ነበር።"

ኦትማር መንኮራኩሩን አጠፋ። ሲሽከረከር የነበረው ቀስ እያለ ቆመ።

"ዱፍነር ቢሮው ነው ያለው። ሂጂ ንገሪው። አሁኑኑ።"

"ያባርረኛል።"

"ያባርርሽ ይሆናል። ሰሜን ያለው ቧንቧ ውስጡ ባዶ ነው፤ መስኮቱ ከተሰነጠቀ አየርና ውሃ ይገባበታል። ያን ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች አሉ። ሂጂ።"

"እርስዎስ? እርስዎም ፈርመዋል እኮ፤ ሳያዩ።"

"ስለ እኔ የሚጠየቀውን እኔ እመልሳለሁ" አለ። "አንቺ የራስሽን ተናገሪ።"

ደረጃውን ወጣች። አለቃው ፈርዲናንድ ዱፍነር ስልክ ላይ ነበር፤ ቁጭ በይ ብሎ በእጁ አሳያት። አልተቀመጠችም። ስልኩን ሳይዘጋ ጀመረችለት። ሹራቡን፣ ቅርፊቱን፣ ብልጭታዋን፣ ሰልፉን፣ ሁሉንም። ዱፍነር መሐል ላይ ስልኩን ዘጋው።

"ሰዓቱ ሲደርስብዎት ለምን ለማግስቱ አላቆዩትም?"

"አላውቅም። ማየት ስላልፈለግሁ ይመስለኛል፣ ሄር ዱፍነር።"

ሌላ ቁጥር ደወለ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሲጨርስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። "ትናንት በትንሽ ኃይል ሞክረውታል። አንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይሞቃል። መለኪያው ተበላሽቷል ብለው ሊቀይሩት ነበር። ከላይ፣ በቀኝ።" ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "የነገውን አቁመዋል። ወደዚህ ይመልሱታል። ፍራው ትሬንክሌ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። መቆጣቴንም አልደብቅዎትም።"

 ከዚያ ዱፍነር ቅጹን ከመዝገቡ አወጣ።

"ሁለተኛው ፊርማ የኬተረር ነው። እሱም አይቶታል?"

ጥያቄው እንደሚመጣ እያወቀች አላሰበችበትም። በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ነገር ታያት፤ ለፋሲካ የታዘዘው ኬክ፣ አርባ አንዱ ዓመት፣ ጡረታው የተከለከለ፣ ኦትማር በባዶ ቤቱ ብቻውን። የመጣው ሁሉ በእሷ ነው የመጣው።

"አይተዋል" አለች። "በማይክሮስኮፑ አይተዋል።"

ዱፍነር ቅጹን አስቀመጠ። "ተመልክቶ አልታየውም ማለት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እንግዲህ... ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው።"

በሩን ዘግታ ስትወጣ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ኦትማርን ከቸልተኝነት ክስ አድናለሁ ብላ ዕውር አደረገችው።

ተመልሳ ልትገባ ነበር። እጇ እጀታው ላይ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ተናግራ ነበርና አቅሟ አልቆ ነበር፤ ደግሞ፣ ለራሷም ብትክደው፣ ዱፍነር ስላመሰገናት ያን ምስጋና ልትመልስ አልፈለገችም።

በማግስቱ ማራይከን ወደ ማሸጊያ ክፍል መለሷት። እንደምትባረር እርግጠኛ ስለነበረች ጓዟን በካርቶን አድርጋ ነበር የመጣችው። ካርቶኑን ጉንዲ ተቀበለቻት።

"ይሄን ይዘሽ ወዴት ነው? እዚህ የምንሠራው ካርቶን ማሸግ ነው፤ ከቤት ማምጣት አያስፈልግም።"

ማራይከ ልትስቅ ሞከረች።

ዱፍነር ኦትማርን ጠርቶ ምን እንዳለው ማንም አልነገራትም። ግን በሁለተኛው ሳምንት ኦትማር ለጡረታው መውጫ ሊሞርደው ቃል የተገባለት የመጨረሻው አልማዝ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሱን የዓይን ሐኪም ዘንድ ላኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ወጣቶቹ ሠራተኞች "ኦትማር፣ ሹካው በስተግራህ ነው" እያሉ ሲቀልዱበት ሰማች። እሱም ይስቅ ነበር። ኩባያውን እያሳሳተ በሌላ ሰው ኩባያ ሲጠጣ፣ ሆን ብሎ እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ብስክሌቱን ሲፈታ ተከተለችው።

"ለምንድን ነው ያልነገሯቸው?"

"ምኑን?"

"እንዳላዩት።"

"አይተዋል ብለሻቸዋል አሉ።" ሰንሰለቱን በእጁ ጠቀለለ። "አላየሁም ብል አንቺ ውሸታም ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ ስለ አልማዙ የነገርሽውንም ማን ያምንሻል? እነዚያ ሰዎች የታሸገውን በመጋዝ ሊከፍቱት ነው፣ በአንቺ ቃል። ስለዚህ ዕውር ነኝ። ምን ይደረግ፤ የቀረኝ አምስት ሳምንት ነው።"

"እኔ ልረዳዎት ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ኦትማር። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ፈርሜ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ፈረምኩ። እሱን ተሸክሜው እሄድ ነበር፤ የኔ ነውና። አንቺ ግን ዓይኔን ወሰድሽብኝ።" ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ያን ሰሞን ፊኔ ማራይከን ስታቅፋት መጀመሪያ የራሷን እጅ ታያለች፤ አንዳች ነገር እንዳልነካው ለማረጋገጥ። ማራይከ "ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለቻት፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ልጅቱ "እሺ" ትላለች፤ እጇን ግን ማየቷን አልተወችም።

አልማዙን የያዘው ሣጥን ከሰሜን በደረሰ በሦስተኛው ቀን ብረት ቤቱን ከፈቱት። ዱፍነር ማራይከንም ኦትማርንም ወደ ነጩ ክፍል አስጠራቸው። አልማዙ ተርፏል፤ ከማይክሮስኮፑ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል።

"ፍራው ትሬንክሌ፣ ያዩት ይህ ነው?"

ጎንበስ አለች። ብልጭታዋ እዚያው ነበረች። ነጸብራቅ አልነበረችም።

"እሱ ነው።"

"ኬተረር፣ እንግዲህ እዚህ ድረስ ከመጣህ አንተም እየው" አለ ዱፍነር። ድምፁ ለታመመ ሰው እንደሚናገር ለስላሳ ነበር።

ኦትማር ጎንበስ አለ። ማራይከ ጣቶቹን አየች። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ክብ በስሱ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ትንሽ ወደ ግራ መለሰ፣ ቆመ። የማያይ ሰው ምስሉ የሚጠራበት ቦታ ላይ አይቆምም። ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ።

"ምንም አይታየኝም" አለ።

ከወጣቶቹ አንዱ መሬት መሬት አየ። ዱፍነር የኦትማርን ትከሻ መታ መታ አደረገና "ምንም አይደል፣ ኦትማር" አለው።

"ይታያቸዋል" አለች ማራይከ።

ሁሉም ዞሩ። የራሷ ድምፅ ነው ብላ አላመነችም።

"ዓይናቸው ደኅና ነው። ያን ሐሙስ አላዩም። ሴቶቹ ሲጎትቷቸው፣ እኔም አይቼዋለሁ ስላልኳቸው፣ ሳያዩ ፈረሙ። አይተዋል ያልኩዎት እኔ ነኝ፣ ሄር ዱፍነር። ዋሽቼ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ!" አለ ኦትማር። አሁን ተቆጥቶ ነበር፤ የግንባሩ ሥር ተነሥቷል። "ማን ጠየቀሽ? ያን ጊዜም ማንም አልጠየቀሽም፣ አሁንም ማንም አልጠየቀሽም! አራት ሳምንት ነበር የቀረኝ!"

"አውቃለሁ" አለች።

ዱፍነር አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። "ኬተረር" አለ፤ ለስላሳው ድምፅ ጠፍቶ ነበር። "እውነት ነው?"

ኦትማር መነጽሩን አወለቀ፣ በካፖርቱ ጫፍ ጠረገ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እንደገና ጎንበስ አለ። በዚህ ጊዜ ማስተካከያውን አልነካም፤ አስቀድሞ ልክ አድርጎት ነበርና።

"ስድስት ማዕዘን አላት" አለ ዓይኑን ሳያነሣ። "ሰማያዊ ናት። አንዱ ማዕዘኗ ተቃጥሎ ጠቁሯል።" ቀና አለ። "የዓሣ ቅርፊት ትመስላለች።"